ተጨማሪ መረጃ፦ ሳተላይት የማያየው የእንሰት ሕመም

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ የሚጓዝ ሰው በግራና በቀኝ የሚያየው ደን መሳይ አረንጓዴ በአብዛኛው የአርሶ አደር ማሳ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥር እንሰትና ቡና አብረው ያድጉበታል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ይህን አረንጓዴ ከሕዋ የሚያዩት የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ገደማ እየተመላለሱ ምድርን ያነሳሉ። ከቅጠል የሚንጸባረቀውን ብርሃን በመለካት አረንጓዴው የሳሳበትን ቦታ መለየት ይቻላል። ዛፍ የጋረደውን እንሰት ግን በሚገባ አያዩትም።

በባሕር ውስጥ ባሉ ኮራል ሪፎችም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። ሳተላይት የባሕሩን ገጽ ሙቀት ይለካል፤ በሙቀቱ ምክንያት የነጣውን ኮራል ግን ጠላቂዎች ወርደው ያዩታል። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ኮራልዎች የተሰኘ ፕሮግራም በጎ ፈቃደኞች የኮራሉን ቀለም ከቀለም ካርድ ጋር እያነጻጸሩ እንዲመዘግቡ ያደርጋል።

ለእንሰት አጠውልግ በሽታም እንዲህ ያለ ቅርብ ዓይን ያስፈልጋል። በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን አርሶ አደሩን የዓመታት ልፋት ያሳጣዋል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ የቅጠሉ ዘንግ ሲቆረጥ ከቁርጡ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። ይህን ምልክት የሚያውቅ ተማሪ ፎቶ አንስቶ ቦታውን በስልኩ መዝግቦ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቢያደርስ ትልቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው። የታመመውን ተክል የቆረጠ ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን እንዳይነካም አደራ!