ዝገት በጓዳ፣ በማሳና በማዕድ



ክረምት ሲገባ በየቤታችን የሚያጋጥመንን አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ነጭ ነጠላችሁን ወይም የሕፃኑን አንሶላ አጥባችሁ በማስጫው ሽቦ ላይ ትዘረጋላችሁ። ካፊያው አላደርቅ ይልና ልብሱ እርጥብ እንደሆነ ያድራል። ጠዋት ልታነሡት ስትሄዱ ሽቦው ወይም ሚስማሩ የነካው ቦታ ላይ ቡናማ መስመር ተጋድሞበት ታገኙታላችሁ። በሳሙና ብታሹት አይለቅም። ከዚያ በኋላ የብዙዎቻችን እጅ የሚያመራው ወደ በረኪናው ጠርሙስ ነው። በረኪና የቡናንና የወጥን እድፍ ሲያነጣ ስላየን ይህንንም ያነጣል ብለን እናምናለን። ሆኖም እድፉ እንዲያውም ይጸናል፤ ውሎ አድሮም ጨርቁ እዚያው ቦታ ላይ ሳስቶ ይቀደዳል።

ይህ የሚሆነው በባልትና ጉድለት አይደለም። የዝገትን ጠባይ ስለማናውቅ ነው። ይህን ጠባይ ያወቀች እናት ደግሞ ነጠላዋን ብቻ ሳይሆን የራሷንና የልጆቿንም ጤና ለመጠበቅ ትችላለች። እንዴት ቢባል፣ ሚስማሩን የሚያዝገው ያው አሠራር በማሳው አፈር፣ በማዕዳችንና በደማችን ውስጥም ስላለ ነው።

በመሠረቱ ዝገት ምንድን ነው? ዝገት ብረት፣ በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅንና ከውሃ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር አዲስ ነገር ነው። ብረት ኤሌክትሮን የሚባሉትን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች ይሰጣል፤ ኦክሲጅን ደግሞ ይቀበላል። የሰጠው ክፍል ኦክሲዴሽን ደረሰበት ይባላል፤ የተቀበለው ሪዳክሽን ደረሰበት ይባላል። ተቀባይ ከሌለ ሰጪ፣ ሰጪ ከሌለ ተቀባይ ስለማይኖር፣ ሁለቱ ምንጊዜም አብረው ይሄዳሉ። የዛገ ብረት እየተበላ የሚያልቅ ቢመስለንም ዝገቱ በሚዛን ቢቀመጥ ከዋናው ብረት ይከብዳል። 100 ግራም ብረት ሙሉ በሙሉ ወደ ብረት ኦክሳይድ ቢለወጥ 143 ግራም ያህል ይሆናል። ጭማሪው ከአየር የመጣው ኦክሲጅን ነው።

ይህን የመሰለውን ምስጢር በሚዛን ካረጋገጡት አንዱ ፈረንሳዊው አንትዋን ላቮዋዚዬ ነበር። ከጎኑም ባለቤቱ ማሪ አን ነበረች። እርሷ የቤተ ሙከራውን መዝገብ ትጽፍ፣ የእንግሊዝኛ የኬሚስትሪ ጽሑፎችን ወደ ፈረንሳይኛ ትመልስ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1789 ለታተመው የባሏ መጽሐፍም የመሣሪያዎቹን ሥዕሎች ያዘጋጀችው እርሷ ነበረች። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1794፣ ኤልዛቤት ፉልሃም የተባለች ሴት በለንደን ከተማ አንድ መጽሐፍ አሳተመች። የምርምሯ መነሻ ጨርቅን በወርቅና በብር ለማስጌጥ የነበራት ፍላጎት ነበር። ያሰበችውን ስትነግራቸው የሚቻል አይደለም ያሏት ነበሩ። እርሷ ግን ሙከራዋን ቀጠለች፤ በዚህም ሂደት በብዙ ኦክሲዴሽንና ሪዳክሽን ውስጥ ውሃ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አስተማረች። እኛም በየቤታችን የምናየው ይህንኑ ነው። ደረቅ ቢላዋ አይዝግም፤ እርጥብ ሆኖ ያደረ ቢላዋ ይዝጋል። ጨው ያለበት ውሃ ከነካው ደግሞ ይብስበታል።

እንግዲህ ወደ ነጠላው እንመለስ። በረኪና እድፍን የሚያነጣው ኦክሲዴሽን በማድረግ ነው። ዝገት ግን አስቀድሞ ኦክሲዴሽን የደረሰበት ነገር ስለሆነ በረኪና የሚጨምርበት እንጂ የሚቀንስለት ነገር የለም። እንዲያውም በጨርቁ ውስጥ የቀረውን ጥቂት የሟሟ ብረት ወደ ዝገት ይለውጠዋል። ብረቱ ደግሞ በረኪናው የጥጡን ክር እንዲበላ ያግዘዋል። ስለዚህ ለዝገት እድፍ የሚስማማው ሎሚ ነው። በሎሚው ውስጥ ያለው አሲድ ዝገቱን ያሟሟና ብረቱን ይዞ ከክሩ ያወጣዋል። አሠራሩም ቀላል ነው። እድፉ ላይ የሎሚ ጭማቂና ጥቂት ጨው አድርጉ፤ ፀሐይ ላይ አቆዩት፤ ሳይደርቅ በብዙ ውሃ አለቅልቁት፤ ካልለቀቀም ድገሙት። ጥለት ወይም ቀለም ያለው ልብስ ከሆነ አስቀድማችሁ በማይታይ ጠርዝ ላይ ሞክሩ።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስባችሁ ነገር አለ። በረኪናን ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም አሲድነት ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ሲቀላቀሉ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ዓይንንና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ሳንባን ይጎዳል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሆነ አደጋው የከፋ ነው። ሁለት ማጽጃ ከአንድ ይበልጣል የሚለው ግምት እዚህ ላይ አይሠራም። ለቤት ሠራተኛችሁና ለትልልቅ ልጆቻችሁም ይህን ንገሯቸው።

የዕቃዎቻችንም ጥበቃ ከዚሁ ዕውቀት የሚመነጭ ነው። ቢላዋውንና ቡና የሚቆላበትን የብረት ምጣድ ከታጠቡ በኋላ ወዲያው አድርቁ፤ ምጣዱን በትንሹ ዘይት ቀብታችሁ አስቀምጡ። ዘይቱ አየርንና ውሃን ይከላከላል። የጣሪያችን ቆርቆሮም ለዓመታት ሳይዝግ የሚቆየው ዚንክ በሚባል ማዕድን ስለተለበጠ ነው። ዚንክ ከብረት ቀድሞ ኤሌክትሮኑን ስለሚሰጥ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል።

አሁን ደግሞ ከጓዳ እንውጣና ወደ ምድሩ እንመልከት። ደጋው ኢትዮጵያ በአብዛኛው የተሸፈነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየቀለጠ በፈሰሰ ዓለት ነው። ይህ ባዛልት የሚባለው፣ ለቤት መሠረትና ለአጥር የምንገነባበት ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋይ ጠራቢው በመዶሻ ሲፈልጠው አስተውላችሁ ከሆነ ውስጡ ጥቁር ግራጫ ነው፤ ብዙ ዘመን አየርና ዝናብ የመታው ውጫዊ ልባሱ ግን ቡናማ ነው። ይህ ልባስ የድንጋዩ ዝገት ነው። በባዛልት ውስጥ ብዙ ብረት አለ። ዝናብ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይዞ ስለሚወርድ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል፤ በስንጥቁ እየገባም ማዕድኖቹን ቀስ በቀስ ያሟሟቸዋል። ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም የሚባሉት ሰብል የሚመገባቸው ማዕድናት ይለቀቃሉ። ብረቱ ደግሞ ኦክሲጅን አግኝቶ ይዝጋል። ሲዝግም ያብጣል፤ እብጠቱ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። በቤታችን ሰገነት ላይ ቶንዲኖው ዝጎ ሲሚንቶውን እንደሚፈነቅለው ማለት ነው። ይህ በብዙ ሺህ ዓመታት ሲደጋገም ዓለቱ ይፈረፈርና አፈር ይሆናል። በጅማ፣ በወለጋና በሲዳማ ቡና የሚበቅልበት ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው ከዚሁ ዝገት ነው።

ይህ ጉዳይ ወደኋላም ይመለሳል። ውሃ ተኝቶበት አየር በማያገኝ አፈር ውስጥ ረቂቃን ሕዋሳት ከዝገቱ ላይ ኦክሲጅኑን ስለሚያስለቅቁት ብረቱ ኤሌክትሮን መልሶ ይቀበላል፤ በውሃ ወደሚሟሟው ዓይነትም ይለወጣል። በአንዳንድ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ በባልዲ ሲያድር ቡናማ የሚሆነው ለዚህ ነው። የሟሟው ብረት አየር አግኝቶ መዛጉ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ሲያጋጥማችሁ ከባልዲ ወደ ባልዲ እያንቆረቆራችሁ አየር ስጡት፤ አሳድራችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ማጥለሉ ጀርም ስለማይገድል ለመጠጥ ከሆነ አፍሉት። ነጭ ልብስ ስታጥቡበት ደግሞ በረኪና አትጨምሩ፤ ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል።

ይህ ቀይ አፈር በገበታችንም ላይ አለ። ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው ሲባል እንሰማለን። ጤፍ የራሱ ብረት እንዳለው እርግጥ ነው። ነገር ግን ጤፍ በአውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ከመሬቱ አፈር ጋር ይቀላቀላል፤ ፍሬው እጅግ ትንሽ ስለሆነም አፈሩን አጥቦ መጨረስ ያስቸግራል። በጤፍ ላይ የተገኘው ከፍተኛ የብረት መጠን ከፊሉ ከዚህ አፈር የመጣ መሆኑን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። የአፈሩ ብረት ደግሞ በአብዛኛው የዛገው ዓይነት በመሆኑ ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም። እንጀራ የማይጎድልበት ቤት የደም ማነስ ሊገባ የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የአንድ ጎልማሳ ሰው አካል በጠቅላላው ከ2 እስከ 4 ግራም ያህል ብረት ብቻ ነው ያለው፤ የአንዲት ትንሽ ሚስማር ክብደት ማለት ነው። አብዛኛው የሚገኘው በቀዩ የደማችን ክፍል፣ በሄሞግሎቢን ውስጥ ነው። የተፈጥሮን ጥበብ ተመልከቱ! ውጭ ኦክሲጅን ሲነካው የሚዝገው ብረት፣ በደም ውስጥ ግን ኦክሲጅኑን ከሳንባ ተቀብሎ፣ ሳይዝግ ተሸክሞ ለአካላችን ሁሉ ያድላል። ብረቱ ሲያንስ ተሸካሚው ያንሳል። እናቲቱ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፤ ትደክማለች፤ ራሷን ያዞራታል። ነፍሰ ጡር ከሆነች አደጋው ለእርሷም ለጽንሱም ነው።

የእህል፣ የጥራጥሬና የአትክልት ብረት በአንጀታችን ለመግባት አስቀድሞ ኤሌክትሮን መቀበል፣ ማለትም ሪዳክሽን ሊደርስበት ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ታላቅ እርዳታ የሚያደርገው ቫይታሚን ሲ ነው። ስለዚህ በተለይ በጾም ወራት፣ ሥጋ በሌለበት ጊዜ፣ በምስሩ፣ በሽሮውና በጎመኑ ላይ ሎሚ ጨምቁ፤ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም አቅርቡ፤ ከተገኘም ብርቱካን ወይም ዘይቱን አስከትሉ። ቫይታሚን ሲ በእሳትና በአየር ስለሚበላሽ ሎሚውን ድስቱ ከወረደ በኋላ መጨመር ይበጃል። በአንጻሩ በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉት ነገሮች ብረቱን አስረው ያስቀሩታል። ቡናችሁን ተዉ አንልም፤ አቦሉ ግን ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ መልካም ነው።

ነፍሰ ጡር እናት በምግብ ብቻ መተማመን አይገባትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች በየዕለቱ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ከፎሊክ አሲድ ጋር እንዲወስዱ ይመክራል። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረት ክኒን አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው፣ ያልዛገው የብረት ዓይነት ነው። ክኒኑን በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ዋጡት እንጂ በሻይ ወይም በወተት አትውሰዱት። ሰገራን ማጥቆሩ አያስደንግጣችሁ። ልጆች ከረሜላ መስሏቸው ቢውጡት ግን ሊገድላቸው ስለሚችል እጃቸው በማይደርስበት ቆልፉት። የደም ማነስ ከወባና ከአንጀት ትልም ሊመጣ ስለሚችል ምክንያቱን በምርመራ ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ስለ ከሰል አንድ ቃል እንበል። እሳትም እንደ ዝገት ኦክሲዴሽን ነው፤ ልዩነቱ መፍጠኑ ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ያለውን ብረት ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ኦክሲጅኑም መቀመጫ ያጣል። በክረምት ብርድ፣ በተለይም አራስ ባለችበት ቤት፣ ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ስንቱን ቤተሰብ ሳይነቃ አስቀርቶታል። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ አውጡት። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ወዲያው ሁላችሁም ወደ አየር ውጡ፤ የታመመውንም ወደ ሕክምና አድርሱ።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ ነገ ጠዋት በማስጫው ሽቦ ላይ ያችን ቡናማ መስመር ብታዩ አትበሳጩ። በረኪናውን ወደ ቦታው መልሱና ሎሚ ቁረጡ። ግማሹን ለነጠላው፣ ግማሹን ለምሳው ምስር አድርጉት።