የቆጡ ዕዳ

ደሴ፣ ሆጤ የምትኖረው አክስቴ ሃያ ቦቫንስ ዶሮዎች አሏት። ሰሞኑን ልጠይቃት ብሄድ ወሬዋ ሁሉ እንቁላል ሆነ፤ "ፈንግል አልገባ፣ ድመት አልገባ፣ መኖውም ያው ነው፤ እንቁላሉ ግን ጠፋብኝ" አለችኝ። ቀን ዶሮዎቹን እያገላበጥን አየን፤ ምንም የለም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የስልኬን መብራት አብርቼ የቆጡን ጫፍ፣ እንጨቱ ግድግዳው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ፣ በጣቴ ጠረግ አደረግሁት። ጣቴ ደም ሆነ።

ሰዉ "የዶሮ ቅማል" ይለዋል። ቅማል ግን ከላባ አይወርድም። ይኼኛው ስምንት እግር ያለው፣ የመዥገር ዘመድ የሆነ ቀይ ተባይ ነው። ቀኑን በቆጥ ስንጥቅና በባሕር ዛፍ ልጥ ሥር ያሳልፋል፣ ማታ ወጥቶ ደም ይመጥና ሳይነጋ ወደ ጉሬው ይመለሳል። ስለዚህ ሒሳቡን ስንሠራ ዕዳው የተጻፈው በዶሮዋ ስም ሳይሆን በቤቱ ስም መሆኑን መያዝ አለብን። ብዙው ብር የሚባክነውም ይህን በመርሳት ነው።

የእንቁላል ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚዋዥቅ በብር ሳይሆን በመኖ እናስላው። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ትበላለች እንበል፤ ሃያዎቹ 2.4 ኪሎ ይጨርሳሉ። ቀድሞ በቀን 15 እንቁላል ይገኝ ከነበረ አንዱ እንቁላል 160 ግራም መኖ ወስዷል ማለት ነው። አሁን 12 ሲሆን ግን 200 ግራም። ምርቱ የቀነሰው በ20 በመቶ ሆኖ ሳለ የእያንዳንዱ እንቁላል የመኖ ወጪ በ25 በመቶ ጨመረ። ዶሮዋ እንቁላል ባትጥልም መብላቷን አትተውማ! በወር ደግሞ 90 እንቁላል ቀረ። በቆሎው፣ ፉርሽካውና ፋጉሎው በተወደዱበት በዚህ ጊዜ ይህ ለጓሮ አርቢ ቀላል አይደለም።

ፈንግል በአንድ ሳምንት ቤት ባዶ ስለሚያስቀር ሁሉም ይፈራዋል፣ ክትባቱንም ይጠይቃል። ይኼኛው ዶሮዋን በአንዴ ስለማይጥላት "አረጀች" ትባልና ለበዓል ትሸጣለች። በምትኳ የ45 ቀን ቄብ ተገዝታ እዚያው ቆጥ ላይ ትወጣለች። ተባዩ ደም ሳያገኝ እስከ 8 ወር ሊቆይ ይችላል፤ ቤቱን ወር ሁለት ወር ባዶ ማሳደር እሱን ማስጠበቅ እንጂ ማጥፋት አይደለም። የተሸጠችው ዶሮ ናት፣ ዕዳው ለአዲሷ ተላለፈ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ከ500 ሜትር በላይ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ለተባዩ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በሙቀት ከእንቁላል ተነሥቶ ለመራባት አንድ ሳምንት ያህል ይበቃዋል፤ ብርድ ሲሆን ዕድገቱ ይንቀረፈፋል፣ ረሃቡን ግን ረዥም ጊዜ ይችላል። ስለዚህ የኮምቦልቻ አርቢ ቶሎ ቶሎ ማየት፣ የደሴው ደግሞ "በብርዱ አልቋል" ብሎ አለመዘናጋት አለባቸው።

መድኃኒቱስ? አክስቴ ለእህል የገዛችውን የነቀዝ መድኃኒት ልትነሰንስ ተነሥታ ነበር። እዚህ ላይ ነው የጮህኩት። እ.ኤ.አ. በ2017 ኔዘርላንድና ቤልጂየም ውስጥ ይህንኑ ተባይ ለማጥፋት በተረጨ መድኃኒት ውስጥ ለምግብ እንስሳት የተከለከለው ፊፕሮኒል ተቀላቅሎ ተገኘ። ኔዘርላንድ ውስጥ ብቻ ከ100 በላይ እርሻዎች ታገዱ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ተጣለ። እነሱ ጋ መርማሪ ስላለ ታወቀ፤ የሆጤን እንቁላል ማን ይመረምረዋል? የምንበላው እኛው ነን። ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ ያላት ከተማ ናት፤ ከሱቅ ሻጭ ይልቅ ከባለሙያ መጠየቅ አይከብድም።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮን ወደ ብዙ ጓሮ አስገብቷል፤ ጥሩ አድርጓል። ሪፖርቱ ላይ ግን የሚቆጠረው የተሰራጨው ጫጩት ነው። ቆጥ የሚቆጥር አላየሁም። እኔ ብሆን ለእያንዳንዱ ቄብ ከሚወጣው ወጪ ጥቂቷን ለተላጠ ቆጥና ለተመረገ ግድግዳ አውላት ነበር።

የእኛ ሥራ ግማሽ ቀን ወሰደ። ቆጡን አውጥተን ልጡን ላጥን፣ ስንጥቁ ውስጥ የፈላ ውኃ ደፋን፣ ጉዝጓዙን አቃጠልን፣ ግድግዳውን በጭቃ መርገን ኖራ ቀባን። ጥግ ላይ ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት ደረቅ አመድ አፈሰስን። ወጪው ኖራው ብቻ ነበር። ችግሩ ሁለተኛው ዙር ነው፤ የፈላው ውኃ ያልደረሰው የተባዩ እንቁላል በቀናት ውስጥ ስለሚፈለፈል ሥራው በሳምንቱ መደገም አለበት። በሰባተኛው ቀን ስደውል አክስቴ "አብሽር፣ እንቁላሉ 13 ገብቷል፤ አሁን ምን ያደክመኛል?" አለችኝ። ማታውን ቆጡን የምጠርግበት ነጭ ወረቀት ይዤ ወደ ሆጤ ወጣሁ።