የእግር ቆዳ አጠባበቅ

የእንጅባራና የአካባቢዋ ምድር ደጋ ነው፤ ዝናቡ ብዙ፣ አፈሩም ቀይ ነው። ይህ አፈር ከጥንት እሳተ ገሞራ ከወጣ ዐለት የተገኘ ነው፤ የዘንገና ሐይቅም የተኛው እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ ነው። አፈሩ እህል ያበቅላል። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ሲረግጡት፣ በተፈጥሮው ለሕመሙ የተጋለጠውን ሰው እግር ሊያሳብጥ ይችላል። ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በቆዳው በኩል ዘልቆ የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳልና። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር ይህን ዐይነቱን ዝሆኔ ከአፈር ጋር አያይዞ አስረድቷል፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውንም ስም ሰጥቶታል። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ በሽተኛውን ከማዕድ፣ ከዕድርና ከጋብቻ ማራቅ በደል እንጂ ጥንቃቄ አይደለም።

የበሽተኛው እግር ቆዳ ይደነድናል፤ ይሰነጣጠቃልም። ጤነኛ ቆዳ እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ መሆኑን አስተውሉ። የላይኛው ሽፋን ሕዋሳት እንደ ማገሩ፣ በመካከላቸው ያለው ቅባት እንደ ምርጉ ናቸው። ምርጉ ሲረግፍ ነፋስ እንደሚገባ ሁሉ፣ ቅባቱ ሲጎድልም ርጥበት ይወጣል፤ ጀርምና አፈርም ይገባሉ።

እንክብካቤው ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ እግሩ በውሃና በሳሙና ይታጠባል። ቀጥሎ በጤና ባለሙያ ምክር መሠረት ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ ያህል ይዘፈዘፋል። ከዚያም በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። ቆዳው በደነደነበትና ፈንገስ በያዘው ስፍራ፣ ባለሙያው ካዘዘ፣ የዋይትፊልድ ቅባት ይቀባል። በቅባቱ ውስጥ 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድና 3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ አሉ። ቤንዞይክ አሲድ ፈንገስን ይከላከላል፤ ሳሊሲሊክ አሲድ ደግሞ የደነደነውን የሞተ ቆዳ አለስልሶ ያነሣል። በቀረው ቆዳ ላይ ቫዝሊን ይቀባል፤ እርሱም ርጥበቱ እንዳይወጣ ይከድናል። በመጨረሻ ካልሲና ጫማ ይደረጋል።

እንግዲህ አሲዱ ያነሣል፤ ቅባቱ ይጠግናል። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም አንዱ ያለ ሌላው ሥራው ጎዶሎ ነው። አሲድ በብዛት ወይም በቁስል ላይ ቢቀባ ግን ደኅናውን ቆዳ ጭምር ይልጣል፤ የተዘጋውንም በር ይከፍታል። ፊታቸውን ለማጥራት ልዩ ልዩ ቅባት የሚደራርቡ ወጣቶችም ይህን ሕግ ቢያስታውሱ ይጠቀማሉ።

በደቡብ ኢትዮጵያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ በመዘፍዘፊያው ውሃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን ሲጨመር የቆዳው መከላከያነት ይበልጥ እንደሚሻሻል አሳይቷል። የሚያስፈልገውም ውሃ ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ወርዷል። ውሃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባዋ ለምትቀዳ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መከላከል ነው። ሕፃን ገና መራመድ ሲጀምር ጫማ ቢያደርግና እግሩን በየቀኑ ቢታጠብ፣ አፈሩ እህል ይሰጠዋል እንጂ እግሩን አይነሣውም።

መልመጃ፦ «በመጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «ከዚያም» እና «በመጨረሻ» የሚሉትን ቃላት በመጠቀም፣ በአካባቢያችሁ የሚሠራ አንድ ሥራ ቅደም ተከተሉን ሳታፋልሱ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።