የሊበን ሜዳ ወፍና የአርብቶ አደሩ ሣር

ስለ ሀገራችን ብርቅዬ የዱር እንስሳት ሲነሣ ሁላችንም ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን እንጠራለን። ቀለሟ ከደረቅ ሣር የማይለይ አንዲት ትንሽ የምድር ወፍ ግን ከአካባቢዋ ነዋሪዎችና ከጥቂት ተመራማሪዎች በቀር የሚያውቃት የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ከአፍሪካ ዋና ምድር መጥፋቷ የሚመዘገብ የመጀመሪያዋ ወፍ እንዳትሆን ያሰጋል ያለው ስለ እርሷ ነበር።

የት ትገኛለች?

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ከነገሌ ቦረና ከተማ አጠገብ የሊበን ሜዳ የሚባል የሣር ምድር አለ። ዙሪያውን የከበበው የግራር ቁጥቋጦ ነው። ወፏ እ.ኤ.አ. በ1968 በዚህ ሜዳ ተገኘች፤ በ1975 ደግሞ ፈረንሳዊው የአዕዋፍ ተመራማሪ ክርስቲያን ኤራር ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቃት። ላርክ ከሚባሉት አዕዋፍ ወገን ስለሆነች የሊበን ላርክ ተባለች።

ጎጆዋን የምትሠራው በዛፍ ላይ ሳይሆን በመሬት ላይ፣ ሣር ተገን አድርጋ ነው። ወንዱ ግን ወደ አየር ወጥቶ እያንዣበበ ያዜማል።

ከዚህ ርቆ በምሥራቅ፣ በወጃሌ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1922 በኋላ ደብዛዋ የጠፋ ሌላ ላርክ ነበረች። በ2013 የታተመ የዘረመል ጥናት እንዳረጋገጠው፣ በጅጅጋ አካባቢ የተገኙት ወፎች፣ የሊበኖቹና ያቺ የጠፋችው አንድ ዝርያ ናቸው።

ምን አሳነሳት?

እ.ኤ.አ. በ2007 አካባቢ በሊበን የቀሩት ከ90 እስከ 256 እንደሚሆኑ ተገመተ። በ2009 ቆጠራው ሲደገም የታዩት ወፎች በ40 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ከብቱ በጠበበ ግጦሽ ላይ ሲበዛ ሣሩ እስከ ሥሩ ይጋጣል፤ ጎጆ የሚሸሸግበትም ይጠፋል። ከፊሉ ሜዳ ታረሰ። አርብቶ አደሩ ቀድሞ በእሳት ይገታው የነበረው ቁጥቋጦም፣ ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ ወደ ሜዳው ገባ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል! ወፏን ያራቆታት ነገር ያው የአርብቶ አደሩን ላም ያከሳ፣ የልጆቹንም ወተት ያጎደለ ነው። ሁለቱም የሚኖሩት በአንድ ሣር ነው።

መፍትሔው ከወዴት መጣ?

የቦረና ሕዝብ ካሎ የሚለው ነባር ልማድ አለው። ከግጦሽ መሬት የተወሰነው ለጥቂት ጊዜ ይከለላል፤ ሣሩ ካደገ በኋላ ለድርቅ ወራት፣ በተለይም ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ይሆናል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርና አጋሮቹ ከነዋሪው ጋር ሆነው በሊበን ሜዳ ካሎዎችን መልሰው አቋቋሙ፤ ቁጥቋጦም ተመነጠረ። በተከለሉት ቦታዎች ሣሩ ቁመቱ ጨመረ፤ ወፎቹም ከተጋጠው ሜዳ ይልቅ በዚያ በርክተው ታዩ።

ይህ ማለት ግን አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። ሜዳው ጠባብ ነው፤ ድርቅ በመጣ ቁጥር አጥሩን ጠብቆ መቆየት ለተራበ ከብት ባለቤት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ወፏን ማዳን የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ የአርብቶ አደሩን ችግር ሊያይለት ይገባል። እኛም ለልጆቻችን ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ ስንነግራቸው፣ የሊበኗን ወፍና ሣሩን የሚጠብቁላትን ሰዎች ጨምረን እናስተዋውቃቸው።