ለእስረኛ ጠያቂዎች ዋይፋይ፦ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ካፌ አላችሁ እንበል። ጠያቂዎች ተራ እስኪደርሳቸው ዋይፋይ ይፈልጋሉ። ዋይፋዩ ሲያያዝ ብቅ የሚለውን የመግቢያ ገጽ የሚያወጡ ሶፍትዌሮች ብዙ ናቸው፦

🔹 ማይክሮቲክ፦ ራውተሩ ካላችሁ ሆትስፖቱ አብሮት አለ።

🔹 ኦፕን ኤንዲኤስ፦ ነፃ ነው፤ ኦፕን ደብሊውአርቲ የተጫነበት ትንሽ ራውተር ይበቃዋል።

🔹 ፒኤፍሴንስ፦ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ የሰዓት ገደብ ያለው ኮድ ያወጣል።

ዋናው ጥያቄ ግን "ምን ይመዘግባል?" ነው። እዚህ ሰፈር የስልክ ቁጥር መዝገብ ማለት እስረኛ ሊጠይቅ የመጣው ማን እንደሆነ የሚናገር መዝገብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ደግሞ የሰው ዳታ የሰበሰበ የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ስለዚህ ስልክ ቁጥር አትጠይቁ፤ ከሻዩ ሒሳብ ጋር ኮድ ስጡ። ራውተሩ የሚይዘው የስልኮች መለያም ቶሎ እንዲጠፋ አድርጉ። ያልተመዘገበ ነገር አይሰረቅም፤ ተላልፎም አይሰጥም።