ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦውን መርምሩ

ከገላባት እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍየል የጫነ ፒክአፕ በግንቦት ፀሐይ ዶካ ሳይደርስ ከቆመ ግን ሰዓት መቁጠር ይጀመራል። መኪናው ሲሄድ ነፋስ ያገኝ የነበረው እንስሳ ሲቆም በራሱ ሙቀት ይታፈናል፤ ተጠጋግቶ ከተጫነው መንጋ መጀመሪያ የሚወድቀውም መሀል ያለው ነው። እንስሳቱን አውርዳችሁ ጥላ ካስያዛችሁ በኋላ መካኒክ እስኪመጣ ባዶ እጅ ከመቀመጥ ጥፋቱ የት እንዳለ መለየት ይቻላል።

ይህን የምጽፈው ከስሬ ስለተማርኩ ነው። የቤንዚን ሃይሉክሴ ገንዳ ውሃ አካባቢ ቆማብኝ አንድ ጋራዥ ውስጥ «ፓምፑ ተቃጥሏል» ተባልኩ። የሁለት ፍየል ዋጋ ከፍዬ አዲስ አስገጠምኩ። ሁለት ቀን ሠርታ መተማ ዮሐንስ መግቢያ ላይ መልሳ ቆመች። ጥፋቱ የተገኘው ከጭነት ሳጥኑ ሥር ነው፤ ሻንሲው ላይ በብሎን የታሰረው የፓምፑ ኔጋቲቭ ሽቦ የፍየል ሽንት ለዓመታት ሲንጠባጠብበት አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። ሽቦው ተጠርጎ ከታሰረ በኋላ «ተቃጠለ» የተባለውን አሮጌ ፓምፕ መልሰን ብንገጥመው ደህና ነበር።

የከብትና የፍየል መኪና ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሽንቱ ጨው አለው፣ ሲቆይም አሞኒያ ያወጣል፤ ጨው መዳብና ብረት፣ አሞኒያ ደግሞ መዳብ ይበላል። ማታ ሳጥኑ በውሃ ሲታጠብ ደግሞ እርጥበቱ ወደ ሶኬቶቹ ይወርዳል። የነዳጅ ታንኩና የፓምፑ ሽቦ ያሉት ደግሞ ልክ ከዚያ ሳጥን ሥር ነው።

መጀመሪያ መኪናችሁን ለዩ። ናፍጣ የሚጠጡት አሮጌዎቹ ሃይሉክሶች፣ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተር ያላቸው፣ ታንካቸው ውስጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የላቸውም፤ ናፍጣውን የሚስበው ሞተሩ የሚያዞረው ፖምፓ ነው። እነሱ ላይ መብራት የምትፈልገው ፖምፓው ላይ ያለችው ነዳጅ የምትዘጋ ቫልቭ ናት። ቁልፍ ክፈቱና ሽቦዋን ነቅላችሁ መልሳችሁ ንኩ። «ጠቅ» ካላለች ወይ መብራት አልደረሳትም ወይ ራሷ ሞታለች። ድምፁ ካለ ጥፋቱን በአየርና በፊልትሮ በኩል ፈልጉ። አይሱዙም በአብዛኛው በሞተር በሚዞር ፖምፓ ይሠራል፤ የማጥፊያው አሠራር ግን ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ ብዙዎቹም 24 ቮልት ናቸው።

እግረ መንገዴን፦ ገዳሪፍ ላይ «ጃዞሊን» ማለት ናፍጣ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመኪና መጽሐፍ ላይ ግን ይኸው ቃል ቤንዚን ማለት ሊሆን ይችላል። በዚህ ስም ተሳስቶ የቤንዚን መኪና ውስጥ ናፍጣ የሞላ ሰው ሽቦ ሲመረምር ቢውል ምንም አያገኝም።

ከዚህ በታች ያለው የቤንዚን መኪና ለያዘ ነው። ብዙ መኪና ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ያጉረመርማል። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ግን ፓምፑን የሚያስነሱት ሞተሪኖው ሲዞር ነው፤ ስለዚህ ቁልፍ ተከፍቶ ዝም ስላለ ሞቷል አትበሉ። ሹፌሩ ሞተሪኖውን ያዙር፣ ረዳቱ ታንኩ አጠገብ ሆኖ ያዳምጥ። ድምፅ ከሌለ ፊዩዙን እዩ። ቀጥሎ ሪሌውን ተመሳሳይ ከሆነው የጡሩምባ ሪሌ ጋር አቀያይሩ። ያገለገለ መኪና የገዛችሁ ከሆነ የሌባ መከላከያ ማጥፊያ በፓምፑ ሽቦ ላይ ተሠርቶበት እንደሆነም ጠይቁ፤ ስንቱ ሰው የተደበቀ ቁልፍ ሳያውቅ ፓምፕ ገዝቷል!

እነዚሁ ቶዮታዎች ኮፈን ሥር የምርመራ ሳጥን አላቸው። ክዳኑ ላይ «ኤፍ ፒ» እና «ፕላስ ቢ» ተብለው የተጻፉት ሁለት ቀዳዳዎች ቁልፍ ተከፍቶ በአጭር ሽቦ ሲገናኙ ፓምፑ ይነሳል። ከተነሳ ፓምፑና ወደ ኋላ የሚሄደው ሽቦ ይሠራሉ፤ ጥፋቱ ሪሌው ወይም ሪሌውን የሚያዝዘው ጋ ነው። ፊደሉን ሳታነቡ ግን አትሞክሩ፤ የተሳሳተ ቀዳዳ ሌላ ዕቃ ያቃጥላል።

ሰው የሚሳሳተው በቴስተር ሲለካ ነው። የፓምፑን ሶኬት ይነቅልና ትንሿን የቴስተር መብራት ያስነካል፤ በራች፤ «መብራት ደርሷል፣ እንግዲያው ፓምፑ ነው» ይላል። እኔንም የጣለኝ ይህ ነው። የተበላ ሽቦ ትንሽ መብራት ለማብራት አያንስም፤ ፓምፕ ለማዞር ግን ያንሳል። ፓምፑ 5 አምፔር ቢስብና ዝገቱ 1 ኦም ቢይዝ፣ 5 ቮልት እዚያው ዝገቱ ላይ ይቀራል፤ 12 ቮልት ይደርሰው የነበረው ፓምፕ 7 ይዞ ይቀራል። ምንም ነገር ሳይስብ ሲለካ ግን መለኪያው 12 ያነባል።

መድኃኒቱ የፊት መብራት አምፖል ነው። 55 ዋት አምፖል 4.5 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህም ለፓምፕ የቀረበ ነው። ሁለት ሽቦ አያይዛችሁበት መኪናው ውስጥ አኑሩ። ስትጠቀሙ መጀመሪያ ቁልፉን ዝጉ፣ የፓምፑን ሶኬት ንቀሉ፣ አምፖሉን በፓምፑ ቦታ አገናኙ፣ ከዚያ ሹፌሩ ሞተሪኖውን ያዙር። ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ ወይም ታንኩ ክፍት ከሆነ አትሞክሩ፤ ሲጋራም ይጥፋ። አምፖሉ ስለሚግል ጨርቅ ላይ አታስቀምጡት።

አምፖሉ ባትሪ ላይ በቀጥታ ሲገናኝ የሚያበራውን ያህል ካበራ ሽቦው ደህና ነው፤ አሁን ፓምፑን መጠርጠር ይቻላል። ከፈዘዘ፣ የአምፖሉን ኔጋቲቭ ጫፍ ብቻ ነቅላችሁ በረጅም ሽቦ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ውሰዱ። ቦግ ካለ ጥፋቱ የኔጋቲቩ ሽቦ ነው፤ እንደኔው። አሁንም ከፈዘዘ በፖዘቲቩ በኩል ነው፦ ሶኬት፣ ሪሌ፣ የፊዩዝ እግር። መልቲሜትር ያለው ሰው ፓምፑ እየሠራ ይለካ፤ ከፓምፑ ኔጋቲቭ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ መሬቱ ታሟል። በፖዘቲቩ በኩል ግማሽ ቮልት ቢጠፋ ይታለፋል፤ ከዚያ በላይ ግን አይደለም።

ፊዩዙ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ መክተት እዚህ አካባቢ የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ሽቦው የሚግለው ከቤንዚን ታንክ አጠገብ ነው። ከባትሪ በቀጥታ ሽቦ ስቦ ከተማ መድረስ ግድ ከሆነም 15 አምፔር ፊዩዝ ከባትሪው አጠገብ ይግባበት፤ ያ ሽቦ እስካለ ድረስ መኪናው ቢገለበጥም ፓምፑ ቤንዚን ከመርጨት እንደማያቆም አትርሱ።

መብራቱ ሙሉ ደርሶ ፓምፑ ዝም ካለ የታንኩን ሥር በእንጨት ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። ከተነሳ ውስጡ ያለው ካርቦን አልቋል፤ ሞተሩን ሳታጠፉ ከተማ ግቡ። በሙቀት ቆሞ ሲበርድ የሚነሳ ፓምፕም ዘመዱ ነው። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ዙሪያውን ያለው ቤንዚን ስለሆነ፣ በዚህ አገር በጋ ታንኩን ከሩብ በታች ማውረድ ራሱን መግደል ነው። ከጄሪካን የሚቀዳ ቤንዚን ደግሞ በጨርቅ ይጠለል፤ ፊልትሮ ሲደፈን ፓምፑ ብዙ አምፔር ይስብና ሶኬቱን ያቀልጣል።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ከካርቱም ዕቃ አዝዞ መጠበቅ እንደ ቀድሞው ስላልሆነ፣ ገዳሪፍ ላይ የምትገዙ ከሆነ አሮጌውን ፓምፕ ይዛችሁ ሂዱ። «ቱሉምባ» ብቻ ካላችሁ ወደ ማደያ ሊያሳዩዋችሁ ይችላሉ፤ ዕቃውን አሳዩ፣ የሶኬቱንም ቅርጽ አስተያዩ።

እኔ አሁን የፓምፑን ኔጋቲቭ ከሳጥኑ ሥር አንስቼ ሽንት የማይደርስበት ቦታ ላይ አስሬዋለሁ፤ ብሎኑን አስወልውዬ ግራሶ ቀብቼበታለሁ። ከየጉዞው በፊት ጎማ ስመለከት እሱንም በጣቴ ነካ አደርገዋለሁ።