ጠጉር ለምን ይረግፋል?

ጠጉር ለሰው ልጅ ከተፈጥሮ የተሰጠ ጌጥ ብቻ ሳይሆን፥ ራስን ከፀሐይና ከብርድ የሚከላከል ልብስ ነው። ይህ ልብስ ሲሳሳ ወይም በአንድ በኩል ሲረግፍ ባለቤቱ ያፍራል፤ ተመልካቹም አንዳንዱ ያዝናል፥ አንዳንዱም ይስቃል። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝም ያ ሳቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ራሱ ላይ ሳንቲም በሚያህል ቦታ ጠጉሩ ረገፈበት። ቦታው ነጭ ቅርፊት አወጣ፤ ያሳክከውም ጀመር። በሻንቶ በሰፈራችን የቤታችንንና የጎረቤቶቻችንን ልጆች ራስ የምላጨው እኔ ነበርሁ፤ ምላጩም ለሁሉም አንድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በእኅቴና በሁለት የጎረቤት ልጆች ላይ ያው ምልክት ታየ። እኔ ግን ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ሳላስብ ወንድሜን «ላሽ» እያልሁ እጠራው ነበር። ልጆችም ኮፍያውን እየነጠቁ ስለ ሳቁበት ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረ።

በመጨረሻ እናታችን ወደ ጤና ጣቢያ ይዛን ሄደች። የጤና መኮንኑ የወንድሜን ራስ አገላብጦ ካየ በኋላ «ይህ ቆረቆር ነው፤ ልጆቹን የሚላጨው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔም መልስ አጥቼ ቆምሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚሁ ጉዳይ ማንበብና መምህራንን መጠየቅ ጀመርሁ። የተረዳሁትም ጠጉር የሚረግፍበት ምክንያት ብዙ መሆኑን ነው። በሰው ራስ ላይ በአማካይ 100,000 ያህል ጠጉር ይገኛል። እያንዳንዱ ለጥቂት ዓመታት ያድጋል፥ ጥቂት ወራት ያርፋል፥ ከዚያም ረግፎ በሌላ ይተካል። ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ጠጉር ቢረግፍ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከዚህ በላይ ሲሆን ግን ምክንያቱን መለየት ያስፈልጋል። ዋና ዋናዎቹም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፥ ቆረቆር ነው። ይህን የሚያመጣው ፈንገስ የተባለ በዓይን የማይታይ የሻጋታ ወገን ሲሆን፥ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ትራይኮፊተን ቫዮላሲየም ይባላል። ይበልጡን የሚይዘው ሕፃናትን ነው። በምላጭ፥ በቶንዶስ፥ በማበጠሪያ፥ በኮፍያና በትራስ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ቸል ከተባለ አንዳንድ ጊዜ አብጦ መግል ይይዛል፤ ጠባሳም ይተዋል፤ በጠባሳ ላይ ደግሞ ጠጉር አይበቅልም።

ሁለተኛ፥ ላሽ ነው። የረገፈው ቦታ ልሙጥ ሲሆን ቅርፊት የለውም። ምክንያቱም የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን የጠጉር ሥር እንደ ጠላት ቆጥሮ መውጋቱ ነው። ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም፤ ብዙ ጊዜም ጠጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። እንግዲህ እኔ ወንድሜን ስሰድበው እንኳ በትክክል አልሰደብሁትም።

ሦስተኛ፥ የመጎተት ጉዳት ነው። ሹሩባ ሲጠብቅ በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ያለው ጠጉር ይሳሳል። እኅቶቻችን ቶሎ ካላሉት ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ይሞታል።

አራተኛ፥ ከብርቱ ትኩሳት፥ ከወሊድ ወይም ከምግብ ጉድለት በኋላ የሚመጣው ነው። ከትኩሳት ወይም ከወሊድ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ የሚጀምረው መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያቆማል። የምግብ ጉድለት ግን እርዳታ ይሻል፤ ፕሮቲን ያጣ ሕፃን ጠጉሩ ይሳሳል፥ ይቀላልም። እኛ በወላይታ የምንመካበት እንሰት ኃይል ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ከቆጮው ጋር ቦሎቄ፥ ወተትና እንቁላል ለልጆች መስጠት ይገባል።

አምስተኛ፥ ራሰ በራነት ነው። ይህ ከዘርና ከሆርሞን የሚመጣ ስለ ሆነ ባለቤቱ ሊያፍርበት አይገባም።

ወደ ቆረቆር ሕክምና ስንመለስ፥ ፈንገሱ እስከ ጠጉሩ ሥር ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። በብዛት የሚታዘዘው ግሪሲዮፈልቪን በ1939 እ.ኤ.አ. ከሻጋታ ተለይቶ የተገኘ ሲሆን፥ ሰው ይውጠው የጀመረው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በአውሮፓና በሌሎች አገሮች የሕፃናቱን ጠጉር በራጅ ጨረር ያረግፉት ነበር፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከብዙ ዓመታት በኋላ በካንሰር ታመዋል። ዛሬ ይህ ሁሉ ቀርቷል። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከወተት ወይም ቅቤ ካለበት ምግብ ጋር ሲሆን በሰውነት ውስጥ ይበልጥ ይሠራል። ጠጉሩ ብቅ ሲል ዳነ ብሎ ማቋረጥ ግን ሕመሙን ይመልሰዋል። ለከበደ የቆዳ ሕመም ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌን ለማከም የተቋቋመውን የአዲስ አበባውን አለርት ሆስፒታል የመሰለ የሕክምና ቦታ አለ።

ኪኒኑን በየማለዳው ከወተት ጋር ለወንድሜ የምሰጠው እኔ ሆንሁ። እኅቴና የጎረቤት ልጆችም አብረው ታከሙ። በሁለተኛው ወር ጠጉሩ በቀለ፤ ኮፍያውንም ጥሎ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ያን ምላጭ ጣልሁት፤ አሁን ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ምላጭ ካልመጣ አልላጭም።

ወላጆች ሆይ፥ የልጆቻችሁን ራስ ተመልከቱ። ጓደኞቼ ሆይ፥ ኮፍያ ያጠለቀ ልጅ ስታዩ ኮፍያውን አትንጠቁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ነገር ግን ልጁ በሽታውን የሚደብቀው እኛ ስለምንስቅበት መሆኑን አንርሳ።